ቁጠባ ነው፣ ብድር ነው ወይስ መዋጮ? የደባርቅ ጥያቄ ለካፒታል ገበያው

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፡፡ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር የእናቴ ወንድም ከደባርቅ ደወሉልኝ፡፡ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፡፡ ከሰላምታው፣ ከዘመድ አዝማዱ ደኅንነትና ከገብሱ አጨዳ ወሬ በኋላ፣ “መቼም አንተ የሒሳብ ሰው ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉኝ፡፡ “ይኼ የቴሌ አክሲዮን የሚሉት ነገር ቁጠባ ነው፣ ብድር ነው ወይስ መዋጮ?”

እኔ ዳባት ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ በሒሳብ ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝ፡፡ ሆኖም ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አቃተኝ፡፡ “ላስብበትና ልደውልልዎ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፡፡ ባሰብኩበት ቁጥር ግን ጥያቄው የጋሼ ብቻ ሳይሆን፣ ዜናውን በየቀኑ የምንሰማለት የካፒታል ገበያ ራሱ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፡፡

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ በቅሎ እያከራዩ የኖሩ ሰው ናቸው፡፡ የስሜን ተራሮችን ለማየት የሚመጣ ቱሪስት ደባርቅ ላይ ቆሞ አስጎብኚ፣ ጠባቂ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ሳይዝ ወደ ላይ አይወጣም፡፡ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ተጨመረበት፡፡ ቱሪስቱ ሲጠፋ ጋሼ በቅሎዎቹን ሸጡ፡፡ ቀጥለው ከአስፋልቱ ዳር የነበረችውን ትንሽ ሱቅ ሸጡ፡፡ የሁሉም ድምር ሦስት መቶ ሺሕ ብር ገደማ ሆኖ ባንክ ተቀመጠ፡፡ የዚህን ብር ዕጣ ፈንታ ነው የጠየቁኝ፡፡

ሦስቱ ቃላትም እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም፡፡ ቁጠባ ማለት ለእሳቸው የባንክ ደብተር ነው፡፡ ብድር ማለት ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ በቡድን ዋስትና ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ነው፡፡ መዋጮ ደግሞ መንገድ ሲሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲታደስ፣ ችግር ሲመጣ የሚሰጥና የማይመለስ ነው፡፡ ገንዘብ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ተቋም ሲገባ የሚያውቋቸው መንገዶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው፡፡ አክሲዮን ከሦስቱም አንዱ አይደለም፡፡

የርቢ በግና የብድር ገንዘብ

በማግሥቱ ስደውልላቸው ያስረዳኋቸው በበግ ነው፡፡ በእኛ አገር ርቢ የሚባል ደንብ አለ፡፡ በግ ያለው ሰው ግጦሽና ጊዜ ላለው ሰው ይሰጣል፡፡ በጓ ስትወልድ ግልገሎቹን እንደ ውላቸው ይካፈላሉ፡፡ ነብር ከበላት ወይም በሽታ ከጨረሳት ባለቤቱ “በጌን አምጣ” ብሎ አርቢውን አይከሰውም፣ በቸልተኝነት ካላጠፋት በቀር፡፡ ትርፉም ኪሳራውም የጋራ ነው፡፡ አክሲዮን ማለት ይህ ነው፡፡ አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ድርጅቱ ካተረፈ የትርፍ ድርሻ ያገኛል፣ ካልቀናው ምንም አያገኝም፣ ከከሰረም ገንዘቡ ይጠፋል፡፡

ጎረቤትህ አሥር ሺሕ ብር ተበድሮ በግ ቢገዛና በጎቹ ቢያልቁበት ግን ዕዳው አያልቅም፡፡ በጎቹ ቢረቡለትም ከተስማማችሁበት ወለድ በላይ አትጠይቀውም፡፡ ቦንድ ማለት ይህ ነው፡፡ ቦንድ የገዛ አበዳሪ እንጂ ባለቤት አይደለም፡፡ መንግሥት ለአጭር ጊዜ ሲበደር የሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድም ከዚሁ ወገን ነው፡፡ ድርጅት ሲፈርስ ደግሞ ቅድሚያ የሚከፈለው አበዳሪ ነው፤ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከተረፈ ብቻ ነው፡፡ ባለሙያዎች ሰነደ ሙዓለ ንዋይ እያሉ የሚጠሯቸው ነገሮች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም፣ ሥራቸው ሲታይ አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ ይመደባሉ፡፡ ወይ ባለቤት ትሆናለህ፣ ወይ ታበድራለህ፡፡

የባንክ ተቀማጭም ቢሆን በውስጡ ብድር ነው፡፡ ለባንኩ እናበድራለን፣ ባንኩ መልሶ ለሌላው ያበድራል፡፡ ልዩነቱ ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው፡፡ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ከተቋቋመ ወዲህ አንድ አስቀማጭ እስከ አንድ መቶ ሺሕ ብር ድረስ ዋስትና አለው፡፡ የአክሲዮን ዋጋ ቢወርድ ግን የሚተካ መድን የለም፡፡

ጋሼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ምንም አልከበዳቸውም፡፡ “እንግዲህ ርቢ ነዋ!” አሉ፡፡ ቀጥለው የጠየቁኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፡፡ “እኔ ለርቢ የሰጠኋትን በግ በየበዓሉ ሄጄ አያታለሁ፡፡ አርቢውንም አባቱንም አውቃለሁ፡፡ ይቺኛዋን የት ሄጄ ነው የማያት?”

በእኔ እምነት የካፒታል ገበያ ትምህርት ሁሉ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው፡፡ የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ፣ ፕሮስፔክተስ የሚባለው የሽያጭ መግለጫ፣ ጠቅላላ ጉባዔ፣ የውጭ ኦዲተር፣ የፈቃድ ምዝገባ፣ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ እነዚህ ሁሉ የተፈለሰፉት ባለቤቱ ሄዶ በጓን ማየት ስለማይችል ነው፡፡ እነሱ ከሌሉ፣ ወይም ኖረው ባለቤቱ ሊያነባቸው ካልቻለ፣ አክሲዮን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ከመሆን አያልፍም፡፡

እናቴና የግድቡ ቦንድ

አብዛኛው የአገራችን ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘው ሰነደ ሙዓለ ንዋይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቦንድ ይመስለኛል፡፡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን እያከፋፈለ ቦንድ ገዛ፡፡ ዳባት መምህርት የነበረችው እናቴም አንዷ ነች፡፡ ወረቀቱን ከጋብቻ ሠርተፊኬቷ ጋር በሣጥን አስቀምጣዋለች፡፡ ከዓመታት በኋላ “ወለዱንስ ወሰድሽው?” ብዬ ብጠይቃት፣ “ለዓባይ የሰጠሁትን መልሼ ልወስድ?” ብላ ተቆጣችኝ፡፡

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ እናቴ የኮራ ሰው አላየሁም፡፡ ስጦታ አድርጋ መቁጠሯ መብቷ ነው፤ ክብርም ይገባታል፡፡ ነገር ግን በሕግ ዓይን እናቴ አበዳሪ እንጂ ለጋሽ አልነበረችም፡፡ የሰጠችውን ገንዘብ ከነወለዱ የመጠየቅ መብት እንዳላት አውቃ ብትተወው አንድ ነገር ነው፤ ሳታውቀው መቅረቱ ግን ሌላ ነው፡፡ ብድርና መዋጮ በአንድ ስም የተጠሩበት ማኅበረሰብ ነገ “ቦንድ ግዙ” ሲባል ቁጥር አይጠይቅም፡፡ ወይ ስሜቱን ይከተላል፣ ወይ ይሸሻል፡፡

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የተረሳ ነው

እንደሚታወቀው በአገራችን የአክሲዮን ግብይት ሲጀመር ይህ የመጀመሪያው አይደለም፡፡ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አክሲዮን ማኅበርን በዝርዝር ደንግጎ ነበር፡፡ በ1950ዎቹ መጨረሻም በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን አዲስ አበባ ላይ ይገዛና ይሸጥ ነበር፡፡ በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች በደርግ ሲወረሱ ያ ጅምር ተዘጋ፡፡ አንድ ትውልድ ሙሉ አክሲዮን የሚለውን ቃል ሳይሰማ አደገ፡፡

በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ መክፈት ሲፈቀድ ቃሉ ተመለሰ፡፡ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ፣ በ1988 ዓ.ም. ዳሸን ተመሠረቱ፡፡ ዳሸን ስሙን የወሰደው ከደባርቅ ባሻገር ከሚገኘው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእኛው ተራራ ነው፡፡ በልጅነታችን በስሙ እንኮራ ነበር፡፡ ተራራው በስም እንጂ በአክሲዮን ከእኛ ጋር እንዳልሄደ፣ ባለቤት መሆን የሚባል ነገርም እንዳለ ግን የነገረን አልነበረም፡፡

ወደ 2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ “በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር” የሚል ማስታወቂያ የማይወጣበት ጋዜጣ አልነበረም፡፡ እኔም በዚያን ጊዜ አሥር ሺሕ ብር አውጥቼ የአንዱን አክሲዮን ገዛሁ፡፡ ያኔ አሥር ሺሕ ብር የብዙ ወር ደመወዜ ነበር፡፡ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ እያልኩ የመመሥረቻ ጽሑፉን አላነበብኩም፤ አደራጆቹ ለአገልግሎት ስንት በመቶ እንደሚወስዱ አልጠየቅሁም፤ አክሲዮኔን መሸጥ ብፈልግ ማን እንደሚገዛኝ አላሰብኩም፡፡ ያየሁት የሆቴል አዳራሹን ግርማ፣ የሰማሁት የጓደኞቼን “ገዛህ ወይ?” ነው፡፡ ሁለት ጊዜ ጠቅላላ ጉባዔ ተጠራን፡፡ ከዚያ ቢሮው ተዘጋ፡፡ ደረሰኙ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው፡፡

ይህን የምጽፈው ያ ዘመን ያለፈ ስለመሰለኝ አይደለም፡፡ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ከ141 ሺሕ በላይ ባለአክሲዮኖች ይዞ ነው የተነሣው፡፡ በአንድ አገር የባለአክሲዮኖች ቁጥር በአንድ ድርጅት ብቻ እዚህ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው፡፡ እዚህ ላይ ባንኩን ለመውቀስ አይደለም፡፡ በየክልሉ በተመሠረቱ ባንኮች ሁሉ ብዙ ሰው አክሲዮን የገዛው “የእኛ ነው” ብሎ ነው፡፡ የእኛ ማለት ደግ ነው፡፡ ነገር ግን የሒሳብ መግለጫን አይተካም፡፡ የእኛ የሆነውንማ ይልቁን አብልጠን ልንመረምረው ይገባል፡፡

ከሺሕ አንድ

ዛሬ ሕጉና መድረኩ አሉ፡፡ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፡፡ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል፡፡ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን ገዳ ባንክ ተከትሎታል፡፡ ከዚህ በፊት የባንክ አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢውን በዘመድ በወዳጅ አፈላልጎ፣ ዋጋውን በግምት ተስማምቶ፣ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ማዛወር ነበረበት፡፡ የገበያው ትልቁ ጥቅም ይህን መለወጡ ነው፡፡ የተመዘገበ አክሲዮን ዋጋው ይታያል፣ ገዢና ሻጭም ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ይገናኛሉ፡፡

ከገበያው መከፈት ትንሽ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው አሥር በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቀረበ፡፡ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዥ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን ነበር፡፡ ሽያጩ በቴሌብር በኩል ስለሆነ ጋሼ ከደባርቅ ሳይነሡ መግዛት ይችሉ ነበር፡፡ ጊዜው ተራዝሞ የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፡፡ ገዢዎቹ 47,377፣ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ነው፡፡

ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ቴሌብር በዚያን ጊዜ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት፡፡ የገዛው ከሺሕ ደንበኛ አንድ ገደማ መሆኑ ነው፡፡ ገንዘቡ ለገዢዎቹ ቁጥር ሲካፈል ደግሞ ለአንድ ሰው ከ67 ሺሕ ብር በላይ ይደርሳል፡፡ ጥቂት ትልልቅ ገዢዎች አማካዩን እንደሚያንሩት ይገባኛል፡፡ ቢሆንም ስልኩ የጋሼ ዓይነቱን ሰው ደጃፍ ቢያንኳኳም የገባው በአብዛኛው አቅም ያለው ቤት ይመስላል፡፡

አንዳንዶች “ሕዝቡ ብር የለውም” ይላሉ፡፡ በከፊል እውነት ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ኑሮው ከብዷል፡፡ ሌሎች “ዋጋው ውድ ነው፤ የመቶ ብር አክሲዮን ለምን በ300?” ብለው ጠይቀዋል፡፡ ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ አክሲዮን ላይ የተጻፈው ዋጋና ድርጅቱ በሥራው የሚያወጣው ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ልዩነቱም ትክክል ይሁን አይሁን የሚታወቀው ትርፉን፣ ዕዳውንና የወደፊት ዕቅዱን በማየት መሆኑን ግን ስንቱ ተረዳ? ጋሼ ያዩት የሽያጩን መግለጫ አልነበረም፡፡ የእህታቸው የልጅ ልጅ በስልክ ማያው ላይ ያሳያቸውን ዋጋና “ግዛ” የሚለውን ቃል ነው፡፡ በጓን አላዩም፤ ያዩት ገመዷን ነው፡፡

አለመግዛትም ዋጋ አለው

ታዲያ ካልገባቸው ዝም ብለው ብሩን ባንክ ቢያኖሩትስ? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፡፡ ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል፡፡ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፡፡ በዚያ ዓመት መጀመሪያ አንድ መቶ ሺሕ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ በደብተሩ 107 ሺሕ ብር ያያል፡፡ በመቶ ሺሕ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ሺሕ ብር በላይ ሆኗል፡፡ ደብተሩ ሲጨምር ጎተራው ይጎድላል፡፡ ማንም ሳይሰርቀው ተሰርቋል ማለት ነው፡፡

ይህ ለስሜን ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም፡፡ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በ1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ የገባ ነበር፡፡ ከዚያ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማንሣት ነበር፡፡ በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከአደጋ መዝገብ ወጣ፡፡

እስቲ በእነዚያ ሰዎች ቦታ ሆነን እናስበው፡፡ ትናንት ሀብታቸው የገብስ ማሳ፣ በግና ፍየል ነበር፡፡ ገብስ በየዓመቱ ይታጨዳል፣ በግ ይወልዳል፤ ዋጋ ሲንር የእነሱም ሀብት አብሮ ይንራል፡፡ ዛሬ ያ ሁሉ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ሆነ፡፡ ቁጥር አይወልድም፤ ካላወቁበት ያልቃል፡፡ ካሳ፣ የጡረታ አበል፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ፣ የቤት ሽያጭ፣ ሰው በሕይወቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ትልቅ ገንዘብ በእጁ የሚገባበት ጊዜ አለ፡፡ የፋይናንስ ዕውቀት የሚያስፈልገው በዚያች ሳምንት ነው፡፡ በዚያች ሳምንት ፈጥኖ የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዐዋቂው ሳይሆን “በየቀኑ ትርፍ እንከፍላለን፣ ሰው ካመጣህ ኮሚሽን አለህ” የሚለው የስልክ አጭበርባሪ ነው፡፡ ካፒታል ገበያው ሰው አላስተማረም ብለን ስናወራ፣ እነሱ በየመንደሩ እያስተማሩ ነው፡፡

ከጎረቤት ምን እንማር?

ኬንያውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የሳፋሪኮምን አክሲዮን በአምስት ሺሊንግ ሲሸጡ ከ800 ሺሕ በላይ ሰው ተሰልፏል፡፡ ተበድሮ የገዛም ነበር፡፡ ግብይቱ ከተጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ከአምስት ሺሊንግ በታች ወረደ፡፡ ተበድሮ የገዛው በኪሳራ ሸጦ ወጣ፤ መታገሥ የቻለው ግን ከዓመታት በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲሆን አየ፡፡ አክሲዮኑ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ በቅርብ የሚፈለግ መሆን አለመሆኑ ላይ ነበር፡፡ በተበደሩት፣ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና በያዙት ገንዘብ አክሲዮን አይገዛም የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

እንደገና እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2017 ኬንያ ኤም-አኪባ የተባለ፣ ከሦስት ሺሕ ሺሊንግ ጀምሮ በስልክ የሚገዛ የመንግሥት ቦንድ አወጣች፡፡ የመጀመሪያው አነስተኛ ሽያጭ በፍጥነት ቢያልቅም፣ የተከተለው ትልቁ ሽያጭ ከታቀደው በብዙ ያነሰ ነበር፡፡ ናይሮቢ ከ1954 ጀምሮ የአክሲዮን ገበያ ያላት ከተማ ናት፡፡ እዚያም ስልኩ መንገዱን አሳጠረ እንጂ ማስረዳቱን አልተካም፡፡

ምን ይደረግ?

እርግጥ ነው፣ “ደባርቅና ዳባት አሁን የሚያስፈልጋቸው ሰላም፣ ማዳበሪያና መድኃኒት እንጂ አክሲዮን አይደለም” የሚለኝ አንባቢ ይኖራል፡፡ አልከራከረውም፡፡ ሰላም በሌለበት ገበያ የለም፡፡ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በስልክ ኢንቨስት አድርግ ማለት ቀልድ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ የጋሼ ገንዘብ ሰላሙን ቆሞ አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይቀንሳል፡፡ በቱሪስት ብቻ ይኖር የነበረ ከተማ ቱሪስቱ ሲቀር ምን እንደሚሆንም አይተናል፡፡ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ ገንዘብን ከፋፍሎ ማስቀመጥ የሀብታም ቅንጦት ሳይሆን የደሀ መከላከያ ነው፡፡

በእኔ በኩል ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ብዬ አምናለሁ፡፡

አንደኛ፣ ማንኛውም ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን ወይም ቦንድ ከትልቁ መግለጫ ሌላ ሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ ሰው በሚናገረው አማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ ማጠቃለያ ይኑረው፡፡ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ይስጥ፡፡ ባለቤት ነኝ ወይስ አበዳሪ? ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ስንት አተረፈ፣ ስንትስ ዕዳ አለበት? መሸጥ ብፈልግ የት፣ በማን በኩል፣ በምን ያህል ክፍያ? ሁሉ ነገር ቢበላሽ ምን ያህል አጣለሁ? ስልኩም ቢሆን “ግዛ” ከማለቱ በፊት ይህን ያስነብብ፤ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ያሰማ፡፡

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከሆቴል አዳራሽ ይውጣ፡፡ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፡፡ ዳባትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪና መምህር አላት፡፡ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፤ ዕቁቡና ዕድሩ አሉ፡፡ የሒሳብ ተማሪዎች በክረምት የዕድር ስብሰባ ላይ ተገኝተው የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብ ቢያሳዩ ከብዙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይበልጣል፡፡ ሕዝቡ ባዶ አይደለም፡፡ ዕቁብ የጣለ ሰው ተራና ዋስትና ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በግ ለርቢ የሰጠ ሰው ደግሞ ኪሳራን መጋራት ምን እንደሆነ ያውቃል፡፡ ከዚያ መነሣት ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ቅሬታ ሰሚው ይታወቅ፡፡ አዋጁ ያለ ፈቃድ የካፒታል ገበያ አገልግሎት መስጠትን ከልክሏል፤ ቅሬታ የሚታይበት አስተዳደራዊ የዳኝነት አካልና ፈቃድ ያላቸው አገናኞች ግዴታቸውን ሳይወጡ ሲቀሩ ለተጎጂዎች የሚከፍል የካሳ ፈንድም አስቧል፡፡ ዋጋ ስለወረደ ካሳ እንደማይከፈል ሰው ይወቅ፤ ሲታለል ግን የት እንደሚጮኽ ይወቅ፡፡ አዲስ አበባ ያለ ጽሕፈት ቤት ለደባርቅ ሰው ሩቅ ነው፡፡ ቢያንስ በየዞኑ ከተማ ፈቃድ ያላቸውን ደላሎችና አማካሪዎች ዝርዝር የሚለጥፍ፣ አቤቱታም ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አንድ መስኮት አይጠፋም፡፡

የጋሼ ውሳኔ

ወደ ጋሼ ልመለስ፡፡ ምከሩኝ ሲሉኝ “ይግዙ” ወይም “አይግዙ” አላልኳቸውም፡፡ በመሳቢያዬ ያለውን ደረሰኝ ታሪክ ግን ነገርኳቸው፡፡ ሳቁብኝ፤ ቀጥለው ዝም አሉ፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውለው ያደረጉትን ነገሩኝ፡፡ አንድ መቶ ሺሕ ብር ለክፉ ቀን ባንክ ተወው፡፡ በአብዛኛው በቀረው በጎች ገዝተው ወቅን አካባቢ ላሉ ሁለት ሰዎች ለርቢ ሰጡ፡፡ ከቴሌም 33 አክሲዮን፣ ትንሹን፣ ገዙ፡፡

“ለምን 33 ብቻ?” አልኳቸው፡፡

“እስካያት ድረስ ነዋ” አሉ፡፡ “በጎቹን ፋሲካ ላይ ሄጄ አያቸዋለሁ፡፡ የዚቺን ደግሞ አንተ እዚያ ስላለህ ሪፖርቷ ሲወጣ አንብበህ ትነግረኛለህ፡፡ ከከሳች አልጨምርም፡፡”

እነሆ የቤት ሥራ ተሰጥቶኛል፡፡ የጋሼ 9,900 ብር ለኢትዮ ቴሌኮም ትንሽ ነው፤ በቁጥሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፡፡ ለእሳቸው ግን የሱቃቸው በር ወይም የአንዷ በቅሎ እግር ነው፡፡ የካፒታል ገበያችን የሚለካው አዲስ አበባ ላይ ስንት ኩባንያ ተመዘገበ በሚለው ብቻ አይመስለኝም፡፡ የደባርቁ ባለ 33 አክሲዮን ያለ እኔ ስልክ፣ በራሱ ዓይን በጓን ማየት በቻለበት ቀን ገበያው በእርግጥ ተከፈተ እላለሁ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡